ከነላስቲኩ

በታላላቅ ሰዎች ዘመን መኖር መታደል ነው። ጫካ ያጣ ኮረብታ ያላት አንዲት ከተማም ታድላለች፤ ያንን ጫካ በንግግር መልሰው ሊያበቅሉ ቆርጠው የተነሱ ኃላፊ አሏት። ታላቅነታቸውን የሚጠራጠር ካለ አስፋልቱ ዳር የተሰቀለውን ፎቶአቸውን ሄዶ ይይ። ዶማ ይዘዋል። ዶማው ላይ አፈር የለም።

እኚህ ሰው የደን መልሶ ማልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው። ኮረብታው ድሮ ፀሐይ የማያስገባ የዝናብ ደን ነበር። ዛፉ ከዛፍ፣ ሐረጉ ከሐረግ ተቆላልፎ፣ ጦጣ በአንዱ ጫፍ ገብታ መሬት ሳትረግጥ በሌላው ጫፍ ትወጣ ነበር። ደኑ ግን ግማሹ ለጣውላ፣ ግማሹ ለማገዶ እያለ አለቀና ኮረብታው እንደተላጨ ጭንቅላት ማብረቅረቅ ጀመረ። የተረፈው አንድ ግዙፍ ዛፍ ብቻ ነው፤ እሱም የቆመው ከኃላፊው እናት ጓሮ ነው።

እናትየው ኃላፊውን በወለዱበት ቤት፣ እኮረብታው ግርጌ ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት ጭቃ ተንሸራቶ መጥቶ የጓሮ አጥራቸውን ይዞት ሄዷል። ስለዚህ ልጃቸውን የሚለምኑት አንድ ነገር ነበር፤ ዘንድሮ ትልቁ ዝናብ ሳይመጣ ከቤቴ በላይ ያለውን ቁልቁለት በዛፍ አስይዝልኝ፣ አለበለዚያ ቤቱም እንዳጥሩ ይሄዳል።

ኃላፊው እናታቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚወዱት። ነገር ግን አሠራር አሠራር ነው፤ ያለ ክቡር እንግዳ ችግኝ አይተከልም። ችግኙ ቢጠወልግም ይጠብቃል፣ ጉድጓዱ ቢደፈንም እንደገና ይቆፈራል፣ ዝናቡም ቢሆን ትንሽ ቢታገሥ ጥሩ ነበር።

በመጨረሻ የመጀመሪያው ክቡር እንግዳ መጡ። ኮፍያና ቲሸርት የታደለው ማኅበረሰብ ከጠዋት ጀምሮ በነቂስ ወጥቶ ቆሟል። እንግዳው በነጭ ጫማቸው ጠጋ አሉ፣ ችግኝ ተቀበሉ፣ ከነላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጡትና አፈር መለሱበት።

የጽሕፈት ቤቱ የችግኝ ባለሙያ አፉን ከፈት አደረገ፤ ኃላፊው አዩት፤ ዘጋው። ትልቅ ሰው አይሳሳትም፣ አቅጣጫ ያስቀምጣል እንጂ። ኃላፊው ወዲያው የራሳቸውን ችግኝ ከነላስቲኩ ተከሉ። ምክትላቸው ተከተሉ፣ ሕዝቡም ተከተለ። በሳምንቱ «ሽፍን ሥር የአተካከል ስልት» በሚል ርዕስ ለባለድርሻ አካላት ሥልጠና ተሰጠ። አሠልጣኙ ያው ባለሙያ ነበር። ክፍሉ ቀዝቃዛ ቢሆንም በጣም አልቦታል።

እናትየው ግን ሥልጠናውን አልወሰዱም።

«አንተ፣ የችግኙን ላስቲክ ማን ያውልቅለት? ታፍኖ እንዴት ሥር ይይዛል?» አሉት ልጃቸውን።

«እማ፣ ስልት ነው። አፈሩን አቅፎ ይይዝለታል።»

«እንዲህማ ከሆነ አንተንም ከነሽንት ጨርቅህ ነበር መዳር።»

ኃላፊው በእናት ቀልድ እንደሚሳቅ ሳቁ፤ ጉዳዩን ከሚመለከታቸው አካላት ጋር እንደሚነጋገሩበት ቃል ገብተው ሄዱ። ከማንም ጋር አልተነጋገሩም።

የስልቱ ጥቅም የታየው ሁለተኛው እንግዳ ሲመጡ ነው። አዲስ ችግኝ አልነበረም። ቢሆንም የቀድሞዎቹ ከነላስቲካቸው እንደ ካሮት ተነቅለው ወጡ፤ ጉድጓዱም ተዘጋጅቶ ጠበቀ። ሦስተኛውም እንግዳ እነዚያኑ ተከሉ፣ አራተኛውም። አንዳንዷ ችግኝ ከመተከል ብዛት ልምድ አካብታ ካሜራ ስታይ ቀና ትላለች አሉ።

ከእያንዳንዱ እንግዳ በኋላ ግን በማይናወጥ ሁኔታ የሚቀር ነገር ነበር፤ ታፔላ። ታፔላ ለቤት ክዳን እየተባለ ስለሚሰረቅ እግሩ በጥልቅ ተቆፍሮ በሲሚንቶ ይሞላል። ችግኝማ ማን ይሰርቀዋል? ታፔላዎቹም ከአስፋልቱ ደህና የሚታዩት ከእናትየው ቤት በላይ ስለሆነ እዚያው በሰልፍ ተደረደሩ። ደህና አለመታየታቸው የታወቀው በኋላ ነው።

«እማ፣ ያ ዛፍ ታፔላውን ጋረደው» አሉ ኃላፊው አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዎች መጋዝ ይዘው ከኋላቸው ቆመዋል።

«ታፔላው ምን ይላል?»

«‹በዚህ ስፍራ ደን ይለማል› ይላል።»

እናትየው ዛፉን አዩ፣ ታፔላውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። «እስኪለማ እሱ ቢቆይስ? አፈሩን የያዘልኝ እኮ እሱ ነው።»

«ለአንድ ዛፍ ስንል ደን እንጣ እንዴ፣ እማ?»

ዛፉ ከሰዓት በኋላ ወደቀ፤ ታፔላው ከሩቅ ታየ፤ ኃላፊውም በጽሑፉ ግልጽነት ረክተው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ።

ከሁሉ የሚበልጡት እንግዳ ዛሬ ነገ እያሉ ክረምቱ ገባ። ሲመጡ ዝናቡ ያወርደው ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ እናትየውም የማኅበረሰቡ ተወካይ ተብለው ከፊት ተቀመጡ። ጃንጥላቸውን ታቅፈው የሚያዩት ግን መድረኩን ሳይሆን ኮረብታውን ነበር። ኃላፊው ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው፣ ኮረብታው ከእንግዲህ ወደ ኋላ እንደማይመለስ ለክቡር እንግዳው አረጋገጡ።

ኮረብታው ተስማማ። ወደ ፊት መጣ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው፤ ቀጥሎ ጭቃው፤ ከጭቃው ጋር ደግሞ ችግኞቹ፣ አንዱም ላስቲኩ ሳይቀደድ፣ ቆመው፣ ተሰልፈው። ክቡር እንግዳው ፈቀቅ ብለው አሳለፏቸው። ኃላፊው ግን ድምፅ ማጉያውን ጥለው «እማ!» እያሉ በአንድ እግር ጫማ ሮጡ፤ እናትየው ገና ድምፁ ሲሰማ ተነስተው ወደ ቤታቸው ሄደው ነበርና።

ማድቤቱ የለም። ድስቱም፣ ምድጃውም፣ በሩም ከጭቃው ጋር ሄደዋል። ዋናው ቤት ግን ቆሟል። ከበላዩ የመጣው ጭቃ በሰልፍ የቆሙት ታፔላዎች ላይ ተከምሮ፣ ከታች ‹ደን ይለማል› የሚለውን ውጦ፣ ‹በዚህ ስፍራ› ላይ ሲደርስ ቆሟል። እናትና ልጅ ጭቃ በጭቃ ሆነው ጎን ለጎን ቆመው አነበቡት።

ጽሕፈት ቤቱ ከዚህ አልተማረም የሚል ካለ ዋሽቷል። በግምገማው ከተተከለው ሁሉ ሥር የያዘው ታፔላ ብቻ መሆኑ በጥልቀት ታይቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ኮረብታውን ሙሉ በሙሉ በታፔላ የመሸፈን አቅጣጫ ተቀመጠ። ኃላፊው የምስክር ወረቀት ተሸለሙ፤ የምሥራቹን ለመንገርም እናታቸው ዘንድ ሄዱ። እናትየው አካፋ ይዘው ጭቃ እየዛቁ ነበር። ቀና ብለው ታፔላዎቹን አዩ፣ ከዛፉ የቀረውን ጉቶ አዩ።

«እንግዲያው ከማድቤቱም በኩል ሁለት ጨምርልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ወፈር ወፈር ያሉትን።»

ኃላፊው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እናታቸው የጽሕፈት ቤቱን ሥራ ሲፈልጉ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ታፔላዎቹ በማግስቱ በመኪና መጡ። አዲስ ስለሆኑ ከላይ እስከ እግራቸው በላስቲክ ተጠቅልለዋል። የችግኝ ባለሙያው፣ ሥልጠናውን ራሱ የሰጠ ሰው ነውና፣ አንዱን አንስቶ ከነላስቲኩ ወደ ጉድጓዱ ማስገባት ጀመረ። ኃላፊው ክው ብለው ክንዱን ያዙት።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? ላስቲኩን አውልቅለት እንጂ። ታፍኖ እንዴት ሥር ይይዛል?»