ሞጣ ላይ ተለቅሶልኝ መጣሁ

ሰው እግር እያለው ለምን መኪና ላይ እንደሚጋፋ አሁን ነው የገባኝ። ያማላ! እግር ያማል። ይህችን ለማወቅ ከቢቸና ሞጣ ድረስ በእግሬ መሄድ ነበረብኝ። እናንተ ግን ቁጭ ባላችሁበት አወቃችኋት። እድለኞች!

ነገሩን ያመጣችው ሊዲያ ናት። ሊዲያ ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ የምትኖረው እኔ ግቢ ተከራይታ ነው። ደግ ልጅ ናት፤ አንድ ችግር ብቻ አለባት። እረፍት ሲሰጧት አታርፍም። ራሷን የሚያህል ቦርሳ ጀርባዋ ላይ ትጭንና ተራራ ለተራራ ትዞራለች። ምን ጠፍቶብሽ ነው? አልኳት አንድ ቀን። ምንም፣ ሃይኪንግ ነው አለችኝ። መድረሻሽ የት ነው? መድረሻ የለውም። ማን ይጠብቅሻል? ማንም። እኛ አገር ለዚህ ሌላ ስም አለው፤ መኪና ያመለጠው ሰው ይባላል።

ታዲያ አንቺ ምን አስገባሽ? ትሉኝ ይሆናል። እህቴ ናታ!

ታላቅ እህቴ እትዬ የሺ ሞጣ ነው የምትኖረው። ሦስት ዓመት ሙሉ አኩርፋኝ ነበር። ጥፋቴን ልንገራችሁና ፍረዱ። ልጇን የዳረች ጊዜ፣ የወንዱ ዘመዶች በተደረደሩበት፣ ጠላውን ቀመስኩና «እትዬ፣ ይኼ ጠላ ነው ወይስ የብርጭቆው እጣቢ?» አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ቀጭን ነበር እኮ! የብርጭቆው ቂጥ ከላይ ይታይ ነበር። ልጅ ሳለሁ እውነት ተናገሪ እያሉ የቆነጠጡኝ ሰዎች፣ ከዚያ በኋላ ስልክ የሚያነሳልኝ እንደሌለ አልነገሩኝም።

ሽማግሌ ላክሁባት። በልተው ጠጥተው ተመለሱ። ምን አለች? ስላቸው፣ ጠላዬ ቀጭን አልነበረም ትላለች አሉኝ። እናንተ የጠጣችሁትስ እንዴት ነበር? ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ሽማግሌ መሆን እንደዚህ ነው።

እንግዲህ አሰብኩ። በአውቶብስ ብሄድ በሯን ትዘጋብኛለች። በእግሬ፣ ጀርባዬ ላይ ቦርሳ ተሸክሜ፣ አቧራ ለብሼ ብሄድስ? ለታቦት የተሳለ ሰው በእግሩ ይሄድ የለም? እኔም ለየሺ ተሳልኩ። ስልክ የማታነሳ ሴት እግሯ ላይ የወደቀ ሰው ታነሳ እንደሆነ ልይ አልኩ። ማኅበርተኛዬ ጥሩዬም ካልሄድኩ አለች። ጥሩዬ ልቧ ደግ ነው፣ ፊቷ ግን ስቆ አያውቅም። ሰርግ ቤት ስትገባ ሙሽራው ይደነግጣል። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ወጣን። ሊዲያ ቀለል ያለ ነገር ያዙ ብላ ነበር። እሷ ራሷ የጨርቅ ቤት፣ ገመድና ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ይዛለች። እኔ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቅያሪ ቀሚሴንና ለእትዬ የሺ እንስራ የምታህል የማር ማሰሮ ያዝኩ። ጥሩዬ ጥቁር ነጠላዋን ለበሰች። ምነው ጥቁር? ስላት ቆሻሻ ይችላል አለች።

መንገዱ አንድ ነው። ሊዲያ ግን ስልኳን አውጥታ ካርታ ታያለች። ካርታው ቀጥ ብላችሁ ሂዱ አላት። እኔ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ይኼን አውቀው ነበር።

ሊዲያ ታዲያ ሁሉ ነገር ይገርማታል። ጮቄ በግራችን ደመናውን ተከናንቦ ሲታይ ትቆማለች። አህያ ስታይ ትቆማለች፤ ፎቶ ታነሳታለች፤ አህያዋ አፍራ ፊቷን አዞረች። ግንደወይን ስንገባ «እትዬ ስንዱ፣ እንዴት ጸጥ ያለ ከተማ ነው!» አለችኝ። «ሰዉ ሥራ ላይ ሆኖ ነው ልጄ» አልኳት። «ሁሉም እንደኛ ቦርሳ ተሸክሞ ቢዞር ጫጫታው አይቻልም ነበር።»

መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው። ለቅሶ ነው? ማን ሞተባችሁ? አይ፣ ለመዝናናት ነው ስንል ያዝኑልናል። አንዲት እናት ደግሞ ጸበል የምንሄድ መስለናቸው፣ ሕመምተኛዋ የትኛዋ ናት ብለው ጠየቁ። ጥሩዬ ሳታመነታ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች።

እውነትም ታመምኩ። ሊዲያ ያዋሰችኝ ጫማ ተረከዜን ልጦ እንቁላል የሚያህል ውኃ ቋጠረልኝ። የመጨረሻውን ሌሊት፣ ሞጣ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን፣ አንድ ገበሬ ቤት አደርን። ሲነጋጋ ቆሜ መሄድ አቃተኝ። ሊዲያ በፋሻ አሰረችልኝ። እኔም መላ መታሁ። እናንተ ቦርሳዬን ይዛችሁ ቅደሙ፤ እኔ በዱላ እያነከስኩ እደርሳለሁ፤ ድንገት ስታየኝ በር እንዳትዘጋብኝ ቀስ አድርጋችሁ አዘጋጇት አልኩ። ጥሩዬን በተለይ መከርኳት፤ በጥንቃቄ፣ አስቀምጠሽ አናግሪያት አልኳት።

መላ የሚሉት ይህ ነው! አይታያችሁም? በማለዳ፣ ሳይጠሩ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው በር ሲያንኳኳ ምን ማለት ነው? መርዶ ነዋ! እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ አይደል? ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔ ግን ተረከዜን እያሰብኩ ረሳሁት።

የሆነውን ኋላ ሊዲያ ነገረችኝ። እትዬ የሺ በሩን ከፈተች። ጥሩዬ በዚያ ፊቷ፣ በጥቁር ነጠላዋ ቆማለች። አጠገቧ የቢቸናዋ ነርስ አለች። ነርሷ ትከሻ ላይ የኔ ቦርሳ፣ ከቦርሳው አፍ የኔ አረንጓዴ ቀሚስ ጫፍ። እኔ የለሁም። ጥሩዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እትዬ የሺ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ። ስለ ስንዱ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ጥሩዬን የሰማት የለም። እትዬ የሺ ቀሚሴን ነጥቃ ደረቷን መታች። ጎረቤት ጎረፈ። ሊዲያ «አልሞቱም! እግራቸው ነው!» እያለች ብትጮህ፣ ሰዉ ይህቺ ደግሞ እንግዳ ናት፣ ወግ አታውቅም፣ እንዴት እንዲህ በችኮላ ይነገራል ብሎ ተቆጣት። እግሯን ቆርጠዋት ነው የሞተችው የሚል ወሬም ከግቢው ወጣ።

እኔ ስደርስ እትዬ የሺ ደጅ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ይኼን ሁሉ መንገድ ለእርቅ መጥቼ ለቅሶ? ነጠላዬን ተከናንቤ፣ እንደ ወጉ ከበሩ ጀምሬ እያለቀስኩ ገባሁና ከኋላ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችውን ሴት ማን ነው የሞተው? ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኋት።

«እህቷ ናት፤ የቢቸናዋ።»

«የትኛዋ?»

«ያቺ ምላሰኛዋ።»

አወቅኋት።

ወዲያው ልነሳ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን እትዬ የሺ «ስንዱዬ! ሳቂታዋ እህቴ! የቤታችን መብራት!» ስትል ሰማሁ። እኔ ነኝ መብራት? ተወልጄ እስካሁን ከእሷ አፍ የሰማሁት ስሜን ነው፤ እሱንም በቁጣ። እናንተ ብትሆኑ ታቋርጧት ነበር? ትንሽ ልቀመጥ አልኩ። ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር። ማን ያልቅስ? ሟቿ ራሷ አለቀሰች።

ቀጠለች። «ስልክ ስትደውል ዓይኔ እያየ ዝም ያልኳት! ደጅ የከለከልኳት!» ሴቱ ሁሉ አብሮ አለቀሰ። ከዚያ ደረቷን መታችና ምን አለች መሰላችሁ? «ጠላዬ ቀጭን ነበር! እውነቷን ነበር! ሳይደርስ ነው ያቀረብኩት፣ እህቴን!»

ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት የጠበቅኋት ቃል! ራሴን አላውቅም፤ ብድግ ብዬ «ይኸው! አላልኳችሁም?» አልኩ።

አጠገቤ የነበረችው ሴት አግዳሚውን ይዛ ወደቀች። ግማሹ አማተበ። ግማሹ ወጣ። እትዬ የሺ ትኩር ብላ አየችኝ፤ መጣች፤ መጀመሪያ በጥፊ አለችኝ፤ ቀጥላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ቅደም ተከተሉን አልቃወምም። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም፤ ከአጥንቴ አንድም እንዳልጎደለ የምትቆጥር ነበር የምትመስለው።

የእድሩ ዳኛ ብቻ ቅር አላቸው። ድንኳን ከተተከለ፣ ወንበር ከወጣ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር አይተው እንደማያውቁ፣ ለደህና ሰው ድንኳን የሚያወጣ ደንብም እንደሌለ ቆመው አስረዱን። ሲናገሩ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው፤ አሁንም ቢሆን ላስተካክለው የምችል ይመስል። ይቅርታ አባቴ፣ ሌላ ጊዜ እሞክራለሁ አልኳቸው።

ጎረቤት ለለቅሶ ያመጣው ምግብ ለእንግዳ ቀረበ። ድንኳኑም እስከ ከሰዓት ቆየ። ከዚያ እትዬ የሺ በገዛ እጇ ጠላ ቀድታ ሰጠችኝ። ፊት ለፊቴ ቆመች። ድንኳኑ ሁሉ ጸጥ አለ። ሊዲያ የምትወደው ዓይነት ጸጥታ ነው።

ብርጭቆውን አየሁት። ቂጡ ይታያል። ጣቶቼን አንድ ሁለት ብዬ መቁጠር እችል ነበር።

«እህስ?» አለች እትዬ የሺ።

ጨለጥኩት። «ወይ ጠላ!» አልኩ። «ሙት ያስነሳል!»

ሰዉ ሳቀ። ዘንድሮ እሷም ሳቀች። ጥሩዬ ብቻ በዚያ ፊቷ ጠጋ ብላ «ቀጭን ነው አይደል?» አለችኝ በጆሮዬ።

«ዝም በይ» አልኳት። «እግሬ ገና አልዳነም።»