የሁለቱ ካርታዎች ውሕደትና የአማቲቱ አልጋ

ሁለቱ የቤት ዕቃ ድርጅቶች በተዋሐዱ በሁለተኛው ዓመት፣ ሥራ አስኪያጁ የሚሽከረከረውን ወንበር በወረሱ በአራተኛው ወር፣ ቀለም አልባው ማተሚያ በነገሠበት ዘመን፣ የሥራ ሂደት ንድፍ ሠሪ፣ ርቱዐ መስመር፣ ዐቃቤ ሣጥን ወክበብ፣ በባልደረቦቻቸው ዘንድ ባለቀስቱ የተባሉት ጀግና የፈጸሙትን ገድል እንጽፋለን፤ እኛ ካልጻፍነው የሚጽፈው የለምና።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። ሽያጭ ክፍል ከአንዱ ድርጅት፣ መጋዘን ከሌላው የመጡ ስለ ነበሩ፣ የደንበኛ ትእዛዝ የሚጓዝበትን መንገድ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ካርታ ሥለው፣ በየግድግዳቸው ሰቅለው ይኖሩ ነበር። ሽያጭ «ወስን» ሲል የሚሥለውን ሰያፍ ሣጥን መጋዘን «ጠብቅ» ብሎ ያነበዋል። ስለዚህም ሽያጭ የመጋዘንን ውሳኔ፣ መጋዘንም የሽያጭን ፈቃድ ሲጠብቁ ዕቃው አቧራ ይለብሳል።

ከታገቱትም ምርኮኞች አንዱ ባለቀስቱ ከዚሁ ድርጅት ለአማታቸው የገዙት አልጋ ነበር። አማቲቱ ለሳምንት ብለው መጥተው ወራት ሰንብተዋል፤ በባለቀስቱም አልጋ ላይ ከልጃቸው፣ ከባለቀስቱ ሚስት ጋር ይተኛሉ። አዲሱ አልጋ መጥቶ ሳሎን እስኪዘረጋላቸው ድረስ ጀግናው በቀጭን ፍራሽ ሳሎን ወለል ላይ ያድራሉ። የሰውን ሁሉ ትእዛዝ መንገድ የሚሥል ሰው የገዛ አልጋው መንገድ ሲጠፋበት ማየት በእውነት ያሳዝናል። ሚስታቸው ግን ትስቅ ነበር።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ከሥራ አስኪያጁ ዘንድ በኢሜይል እንዲህ የሚል አዋጅ ወጣ፤ «ስማ፣ ስማ፣ ያልሰማህ ኢሜይልህን ክፈት! በአንድ ቤት ሁለት ካርታ ሰልችቶኛል። እስከ ዓርብ አንድ አድርጉልኝ።»

ባለቀስቱም ይህን ባነበቡ ጊዜ ወገባቸውን በአንድ እጅ ደግፈው ተነሡ፣ ወደ ስብሰባ አዳራሽም ዘመቱ። በፊታቸው ፕሮጀክተር ተሸካሚው፣ በቀኛቸው የተወሳሰበ ገመድ የሚፈታው የኮምፒውተር ጠጋኝ፣ በግራቸው ሰምታ የማትጽፍ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ በስተኋላቸውም ለብስኩቱ ሲሉ የተከተሉ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ነበሩ፤ ብዛታቸውም ከወንበሩ ይበልጥ ነበር።

በማለዳ ሰያፉን ሣጥን ከበቡት፤ ከምሳ በፊትም በሁለቱም ዘንድ «ወስን» ተብሎ እንዲነበብ አስገበሩት። ሣጥን ከሣጥን የሚያገናኙት ቀስቶችም ተራ በተራ እጅ ሰጡ። ነገር ግን የመጀመሪያዋ ክበብ፣ ማለትም ሥራው የሚነሣባት ነጥብ፣ አልገብርም አለች። እሳቷ የሚሏቸው የሽያጭ ኃላፊ ሥራ የሚጀመረው ከእኛ ነው ብለው አወጁ፤ ዓምዱ የሚባሉት የመጋዘን ኃላፊም ከእኛ እንጂ ብለው አወጁ። የአንዱን ክበብ መሰረዝ አባቱን መስደብ ሆነ። ባለቀስቱ ያኮረፈ ኃላፊ አልጋ እንደማይለቅ ያውቁ ነበርና፣ ማንንም የማያስቀይም ብልሃት አገኙ፤ ሁለቱም ክበቦች ይኑሩ፣ የደንበኛ ትእዛዝ እንደ ደረሰም ሁለቱም በየፊናቸው ይጀምሩ አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ብስኩቱም አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪና በር ላይ ቆሞ አልጋው ወረደ። ባለቀስቱ እንባቸው መጣ። ደስታቸውን ሳይጨርሱ ሁለተኛ መኪና መጣ፣ ሁለተኛ አልጋም ወረደ፤ አንዱን ሽያጭ፣ አንዱን መጋዘን ጀምሮት ኖሯል። ይመለስ እንዳይሉ፣ በአዲሱ ካርታ ላይ የመመለሻ ቀስት የለም፤ ጀግናው ወደፊት እንጂ ወደኋላ ሥለው አያውቁም።

ያን ጊዜ አማቲቱ በረንዳ ላይ ቆመው አወጁ፤ «እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው። አንዱ ሳሎን ይዘርጋ፣ ታላቅ እህቴ ትምጣ። አንዱ እኔ ያለሁበት ክፍል ይግባ፣ ታናሿም ትምጣ። እኔ የለመድኩትን አልጋ አልለቅም። የልጄ ባል እንደሆነ ወለሉን ለምዶታል።»

እነሆ ባለቀስቱ፣ ሞአ ሣጥን፣ ሁለቱን ካርታ አንድ ያደረጉ፣ አንዱንም አልጋ ሁለት ያደረጉ፣ የእንግዳ እግር እንዳይረግጣቸው ፍራሻቸውን ከሳሎን ወደ ኮሪደር ያዛወሩ፣ ስማቸው ከቀስታቸው ይርዘም፤ በገዛ ድሉ ከሦስት አልጋ ያጣ ጀግና ከእርሳቸው በፊት አልተነሣም፣ ከእርሳቸውም በኋላ አይነሣም።