ሽማግሌዎቼ የተቀመጡበት ጠረጴዛ

ዛሬ ቦሌ ላይ ምግብ ቤት ማግኘት አይከብድም፤ የሚከብደው ምግብ ቤት ያልሆነ በር ማግኘት ነው። በእኛ ጊዜ፣ በደርግ ዘመን ማለቴ ነው፣ ወሎ ሰፈርን አለፍ ብሎ መንገድ ዳር አንድ ምግብ ቤት ነበር። ስፓጌቲ አለ፣ ኮቶሌት አለ፣ ጥብሱማ አይወራ! አስተናጋጆቹ ነጭ ኮት ለብሰው ሁሉንም «ጓድ» ይላሉ። ጓድ፣ ቃሪያ ይጨመር?

ታዲያ ሰው እዚያ የሚሄደው ለመብላት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤትህ አምስት ሰው ከተሰበሰበ ቀበሌ «የምን ስብሰባ ነው?» ይላል። ምግብ ቤት አምስት ሰው ቢሰበሰብ ግን ምሳ ነው። ስለዚህ እርቁም ሽምግልናውም እዚያ ሆነ። የእኔም ጭምር።

ጽጌን ላገባ ሽማግሌ ልልክ ስል አባቷ አቶ ክፍሌ «ቤቴ አይሆንም፤ እሑድ ለምሳ እዚያ ምግብ ቤት ይምጡ፣ መስኮቱ አጠገብ እጠብቃለሁ» ብለው ላኩብኝ። አጎቴ ጋሽ ተሰማ ሁለት ጓደኞቻቸውን ይዘው ለዚሁ ጉዳይ ከደብረ ብርሃን መጡ። አቶ ክፍሌን በመልክ አያውቋቸውም። እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ግን አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይገባም። ምን ላድርግ? ከመንገዱ ማዶ አውቶቡስ የምጠብቅ መስዬ ቆምኩ።

መስኮቱ አጠገብ ለካ ጠረጴዛው ሁለት ነው። በአንዱ አቶ ክፍሌ ጋዜጣ ያነባሉ። በሌላው አንድ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ሞላ ያሉ ሰውዬ ብቻቸውን ጥብስ ይበላሉ። አጎቴ ገቡ፣ ዞር ዞር ብለው አዩና ቀጥ ብለው ወደ ሙሉ ልብሱ ሄዱ። ኧረ እሳቸው አይደሉም!

እንደ ወጉ ቆመው ጀመሩ። ኋላ እንደሰማሁት ዘሬን ቆጠሩ፣ ጠባዬን ቆጠሩ። ሰውዬው ጉርሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ ያዳምጣሉ። አቶ ክፍሌም ጋዜጣቸውን ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉ።

አላስቻለኝም። መንገዱን በሩጫ ተሻግሬ ገባሁ። አጎቴ ሲያዩኝ ደስ አላቸውና «ይኸው! ልጁ ራሱ መጣ!» ብለው ወደ ሰውዬው ገፋ አደረጉኝ።

ሰውዬው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ልጁስ ደህና ነው» አሉ። «እንዲህ ተለምኜም አላውቅ። ሴት ልጅ ብትኖረኝ እሰጣችሁ ነበር፤ ያሉኝ ወንዶች ናቸው እንጂ።»

አጎቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

«እኔ ግን አለችኝ» አለ አንድ ድምፅ ከጎን። አቶ ክፍሌ ናቸው።

አጎቴ በድንጋጤ ጎንበስ ብለው «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» ካሉ በኋላ ከዘሬ ሊጀምሩ ሲሉ አቶ ክፍሌ እጃቸውን አነሱ።

«ይበቃል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጣሁት እንቢ ልል ነበር። ሽማግሌ ፊቴ ቆሞ ቢያወራ አላምንም፤ ለእኔ ብሎ ያሳምረዋል። እናንተ ግን ለሌላ ሰው ስትናገሩ በጆሮዬ ሰማሁ። አምኛለሁ፤ ሰጥቻለሁ።»

ለሌላ ሰው ሲሆን ሽማግሌ እንደማይዋሽ በምን እንዳወቁ እኔ እንጃ! ጠረጴዛዎቹ ተጋጠሙ፣ ባለ ሙሉ ልብሱም አብረውን ቀሩ። አቶ ክፍሌ ለሁሉም ቢራ አዘዙና እኔን ሲያዩ አስተናጋጁን መልሰው ጠሩት።

«ለእሱ ለስላሳ አምጣለት፤ ‹መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም› ሲሉ ሰምቻለሁ። ልቤን የገዛው ይሄ ነው።»

አጎቴን አየኋቸው። አጎቴ ጣራውን አዩ።

ከጽጌ ጋር ልጆች ወልደን ድረናል። አማቴም እግዜር ዕድሜ ሰጥቷቸው አሉ። በየበዓሉ ቤታቸው ስሄድ ለሰው ሁሉ ጠላው ይቀዳል፣ ለእኔ ለብቻዬ ለስላሳ ይከፈታል። ዘንድሮ ደግሞ ሐኪሙ «ስኳር አለብህ፣ ለስላሳ እንዳትነካ» አለኝ። እስቲ አሁን ለአማቴ ምን ልበላቸው?