«የም» የጎደለው ካልሲ

ቀን፦ እሑድ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ቡራዩ፣ ገፈርሳ፣ የእድራችን አዳራሽ

የተገኙ፦ ኦቦ መገርሳ (የእድሩ ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ ሰብሪያ (ባለሱቅ)፣ አቶ ዓባይነህ (ጡረተኛ፣ የሕፃን ወንዲ አያት)፣ ሲስተር ቤተልሄም (ከጤና ጣቢያ፣ በእንግድነት)፣ ጸሐፊ ቀጄላ፣ ማለትም እኔ፤ የማታ ትምህርት ምሩቅ። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ እንደ እኔ አራት ነጥብ አሳምሮ የሚያስቀምጥ የለም።

ምልአተ ጉባኤ አንድ ሰው ጎድሎት ነበር፤ ጸሐፊው ራሱን አንዴ በአባልነት አንዴ በጸሐፊነት ስለቆጠረ ሞላ። ስብሰባው 8፡00 ሰዓት ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ ስለ ሰሌዳው ማስታወቂያ

ሲስተር ቤተልሄም «ለሕፃናት ጥርስ ካልሲየም ያስፈልጋል» ተብሎ እንዲጻፍ ነግረው እንደነበር አስታወሱ። ጸሐፊው ፊደሉን አሳምሮና አግዝፎ ስለጻፈ «ለሕፃናት ጥርስ ካልሲ» ላይ ሰሌዳው አልቋል። ጸሐፊው ጥፋቱ ሰሌዳውን ያሳጠረው አናጢ መሆኑን አስረዳ። ተቀባይነት አላገኘም።

አቶ ዓባይነህ ማስታወቂያውን አክብረው የሁለት ዓመቱን ወንዲ ጉንጩ ላይ የሱፍ ካልሲ አስረው እንዳሳደሩት ገልጸው፣ «ልጁ ላብ በላብ ሆነ እንጂ ጥርሱ ያው ነው! አንተ ፊደል ቆጠርክ ተብሎ እኛ በካልሲ እንታሰር?» ሲሉ ጠየቁ። ወ/ሮ ሰብሪያ ከሱቃቸው የሕፃን ካልሲ ተሸጦ ማለቁን ጠቅሰው፣ «ቀጄላ ጎበዝ ልጅ ነው፣ አትንኩት» አሉ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ካልሲየም

ሲስተር ቤተልሄም የጥርስን ጠንካራ ሽፋን የሚሠሩት ሕዋሳት ድድ ውስጥ እንደሚገኙ አብራሩ። ካልሲየም የሚለስኑበት ጭቃቸው ነው፤ ደግሞም «እደጉ፣ ሥራ ጀምሩ» የሚላቸው መልእክት ነው። ጥርሱ ድድ ቀድዶ ሲወጣ ሕዋሳቱ ያልቃሉ፤ ሽፋኑን ዳግመኛ የሚሠራ የለም። የወንዲ ቋሚ ጥርሶች ግን ገና በመሠራት ላይ ናቸው።

ኦቦ መገርሳ «እንደ ፉሪ ግንበኛ በሉኛ! ቤቱ ከተመረቀ ስልክ አያነሳም» አሉ። አቶ ዓባይነህ ኖራም ካልሲየም ካለው የልጁ ጥርስ በኖራ ይቀባ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሲስተር ቤተልሄም ጭንቅላታቸውን ያዙ። ጭንቅላት መያዛቸው በተቃውሞ ተመዘገበ።

አጀንዳ 3፦ ስለ ጸሐፊው

አቶ ዓባይነህ ጸሐፊው ብዕሩን ያስረክብ አሉ። ጸሐፊው ይህን ብዕር ለመያዝ ስንት ማታ ዴስክ ላይ እያንቀላፋ እንደተማረ ሲናገር እንባው መዝገቡ ላይ ጠብ አለ። «ይህ አይመዝገብ» አለ፤ ተመዘገበ። ኦቦ መገርሳ «ያ ቀጄላ፣ አንተ ልጅ፣ ለካልሲ ይለቀሳል እንዴ?» አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ካልሲዎቹ ታጥበው ለወ/ሮ ሰብሪያ እንዲመለሱ፣ የወንዲ ሕዋሳት ሥራ እንዳያቋርጡ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው፣ ጸሐፊውም እንዲሻር ተወሰነ።

ሲስተር ቤተልሄም «ታዲያ ደብዳቤውን ማን ይጻፍ?» አሉ። ኦቦ መገርሳ መነጽር ረስተዋል። አቶ ዓባይነህን እጃቸውን ያማቸዋል። ወ/ሮ ሰብሪያን ደንበኛ ይጠብቃቸዋል። ጸሐፊው መሻሩን የጻፈው የተሻረ ሰው በመሆኑ ጽሑፉ እንደማይጸና በትሕትና አሳሰበ።

ስለዚህ ከላይ የተወሰነው በሙሉ፣ ሽረቱም ጭምር፣ ተሰርዟል። ከዚህ ስብሰባ የጸኑት ከማስታወቂያው የጎደሉት ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው፦ «የም»። 10፡20 ላይ ተበተንን። ሰሌዳው ላይ ቦታ ስለሌለ፣ ጸሐፊው ሁለቱንም ከሰሌዳው ጎን፣ ኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ በከሰል ጽፏቸዋል።