የክቡር ኢንጂነሩ ደወል

መብራት የገባበት ሰፈር ሁሉ አንድ ኢንጂነር አለው። ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም፣ ፈቃድ የለውም፣ ማንም አልሾመውም። ግን የሰው አምፖል ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ካቻቪቴውን በደረት ኪሱ ሰክቶ፣ ሳይጠራ በር ላይ ይቆማል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባት አጎታችሁ ነው። ምናልባትም ይህን የምታነቡበትን መብራት የቀጠለው እሱ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ እባካችሁ ግድግዳውን አትደገፉ።

የእኛ ሰፈሩ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሰዉ «ክቡር ኢንጂነር» ይላቸዋል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን ሹመቱን አመስግነው ተቀበሉ። እኔ ፊት ለፊት አንተ ነው የምላቸው፣ እኩዮች ነን። በጽሑፍ ሲሆን ግን ለሥራቸው ክብደት አንቱታ ይገባቸዋል።

የክቡር ኢንጂነር እውቀት በሙሉ የተቀዳው ከአውቶቡስ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲነዱ፣ መንገድ ላይ መብራት በጠፋባቸው ጊዜ ሁሉ ወርደው፣ ቀጥለው፣ አስነስተው ሄደዋል። ስለዚህ ቤት ማለት በእሳቸው አስተሳሰብ ጎማ የሌለው አውቶቡስ ነው። ቆጣሪው ባትሪ ነው፣ ማድቤቱ ሞተር ነው፣ የቤቱ ባለቤት ደግሞ ተሳፋሪ ነው፤ ተሳፋሪ ሹፌሩን አያናግርም።

ሁለት አባባሎች አሏቸው። ሥራ ሲጀምሩ «ይቺማ ቀላል ናት» ይላሉ። ሲጨርሱ «ለጊዜው ነው» ይላሉ። በሰፈራችን እንደ ክቡር ኢንጂነር «ለጊዜው» ዕድሜ ያለው ነገር የለም። ባለሱቁ በር ላይ ለጊዜው ያንጠለጠሉት አምፖል ሽቦ ላይ ሸረሪት ልጅ ወልዳ የልጅ ልጅ አይታበታለች።

የዚሁ ባለሱቅ ራዲዮ የሚናገረው ፍሪጁ ሞተሩን ሲያስነሳ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ክቡር ኢንጂነርም አያውቁም፣ ግን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ባለሱቁ ዜና ሲያምረው የፍሪጁን በር ከፍቶ ይጠብቃል። በሰፈራችን ለስላሳ መጠጥ ለብ የሚለው በዜና ሰዓት ነው። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ መኪናዋን በረገጠች ቁጥር የራሷ መብራት እንደሚደበዝዝባት አቤት ብትል፣ ዓይኗን እንድታሳርፍ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑ ተገለጸላት።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ክቡር ኢንጂነር መማሩን ዘለው በቀጥታ ወደ መጠምጠሙ የገቡ ሰው ናቸው። ጥቁር ፕላስተር ሲጠመጥሙ ያየ ሰው የተሰበረ እጅ የሚታሰር ይመስለዋል። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ቤት ከመሰላል ላይ ተወርውረው ሲወድቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ተነሡ፣ ሱሪያቸውን አራገፉ፣ አልነዘረኝም አሉ፤ ሰላም ብሎኝ ነው። ታዲያ ለምን ወደቅህ ብላቸው፣ ሰላምታው ሞቅ ያለ ነበር አሉኝ።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ክቡር ኢንጂነር ከሳሎናችን አልፈው አያውቁም። ሻይ ታቀርብላቸዋለች፣ ስለ አውቶቡሱ ትጠይቃቸዋለች፣ ትስቃለች። ካቻቪቴው ከኪስ ብቅ ሲል ግን «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳን ይረፉ» ትላቸዋለች። በዚያ ድምፅ የተባለን ነገር እኔም እምቢ ብዬ አላውቅም።

ከዚያ እሷ ሞተች። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ሰው ሁሉ መጣ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ተመለሰ። ልጄም ወደ ሥራዋ፣ ወደምትኖርበት ከተማ ሄደች። እኔ በአንድ ብርጭቆ ጠጥቼ ሁለት ማጠብ ለመድኩ።

አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። ክቡር ኢንጂነር ናቸው። የሳሎንህ ማብሪያ ይንጫጫል አሉ፣ አሉኝ። ማን እንዳለ አልጠየቅኋቸውም። በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር የሚሰማ ሰው አልነበረም። «ግባ» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ በሙሉ ለጊዜው ሆነ። የመኝታ ቤቱ መብራት ኮሪደር ላይ ይበራል፣ ማድቤት ይጠፋል። የኮሪደሩ ግን በራሱ ፈቃድ ነው የሚበራው። አንዱን ሲጠግኑ ሌላው ይበላሻል፤ የተበላሸውን ለመጠገን ደግሞ ነገ ይመጣሉ። እኔ መሰላሉን እይዛለሁ፣ እሳቸው ከላይ ሆነው ስለ አውቶቡስ ያወራሉ። እውነቱን ለመናገር የሚያደርጉት ልክ እንዳልሆነ ይገባኝ ነበር። ግን ነገ የሚመጣ ሰው መኖሩ እንዲህ በቀላሉ የሚጣል ነገር አይደለም።

ከሁሉም የሚበልጠው ሥራቸው ደወሉ ነው። የእሳቸው ማድቤትና የእኔ ማድቤት በጠባብ መተላለፊያ ላይ መስኮት ለመስኮት ይተያያሉ። አንድ ቀን ሁለት ደወልና ሁለት መጫኛ ይዘው መጡ። «ብቻህን ነህ፤ ድንገት…» አሉና፣ ድንገት የሚለውን ሳይጨርሱ መሰላሉ ላይ ወጡ። በትንሽ ባትሪ የሚሠራ ነው፣ ዝንብ እንኳን አይገድልም። እሳቸው ሲጫኑ እኔ ቤት ይጮኻል፣ እኔ ስጫን እሳቸው ቤት።

ለመጀመሪያው፣ እኔ ቤት ለሚጮኸው ደወል ሁለት ሽቦ ዘረጉ፣ አንዱ መሄጃ አንዱ መመለሻ። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ሽቦው አለቀ። ክቡር ኢንጂነር አልተደናገጡም። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሽቦ ይበቃል፤ ኤሌክትሪኩ በሽቦው ሄዶ፣ በራሱ በአውቶቡሱ ብረት ይመለሳል። ቤቶቻችን ደግሞ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ በሚያልፍ አንድ የውሃ ቧንቧ የተያያዙ ናቸው። «መመለሻው ቧንቧው ነው» አሉና ሽቦውን ቧንቧው ላይ ጠመጠሙት። ከዚያ ቤታቸው ሄዱ፣ እኔ ተጫንኩ፣ እጃቸውን እያፋተጉ ተመለሱ። ጆሮዬን አደነቆረው አሉ።

ሥርዓቱንም አወጡ። በየጠዋቱ እሳቸው ይደውላሉ፣ እኔ እነሣና ማድቤት ገብቼ፣ መጋረጃውን ከፍቼ፣ በመጫን እመልሳለሁ። መስመሩን መፈተሽ ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም። በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሪፖርት ይሰጡኛል። ዛሬ ቶሎ ነው የመለስከው፤ ትናንት ዘግይተሃል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎህ ነው? ተሳስተው አያውቁም። አንድ ጠዋት ጉንፋን ጥሎኝ ደወሉን እየሰማሁ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ፒንሳዬን እዚህ ረስቼ ነው አሉ። ፒንሳው ከኪሳቸው ወጥቶ ይታያል፣ በእጃቸው ሾርባ ይዘዋል።

ልጄ ልትጠይቀኝ የመጣች ዕለት ፍሪጁን ስትከፍት ሰላም አላት። እጇን እያሸች ቤቱን ዞራ አየች፣ የኮሪደሩ መብራት ራሱ በርቶ ራሱ ሲጠፋ ተመለከተች፤ ከዚያ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ወይ ባለሙያ ይግባ፣ ወይ ከእኔ ጋር ና። በዚህ ቤት እንዲህ ትቼህ አልሄድም።»

ክቡር ኢንጂነርንም አነጋገረቻቸው፤ በደግ ቃል፣ የእናቷን ድምፅ ይዛ። ከእንግዲህ እርስዎ ይረፉ አለቻቸው። ልክ ነሽ ልጄ አሉ። ካቻቪቴውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሲሄዱ በሩን በቀስታ ነው የዘጉት።

ልጄ ልክ ነበረች፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። እኔ ግን የፈራሁት እሳቱን አልነበረም። ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ ማን ምን ብሎ በሬን ያንኳኳል?

ባለሙያዋ የመጣች ቀን ክቡር ኢንጂነር በጠዋት ቤታቸውን ቆልፈው ወጡ። ሥራቸው ሲፈርስ ላለማየት መሆኑ ገብቶኛል። ባለሙያዋ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። የመጀመሪያውን ማብሪያ ፈታ ውስጡን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ማን ነው የሠራው?»

«ጎረቤቴ።»

«በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«ተመስገን» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ከግድግዳዬ የወጣው ፕላስተር አንድ ከረጢት ሞላ።

ወደ ማታ ማድቤት ገብታ የደወሉን መጫኛ አገኘችው። ነገሩን አስረዳኋት፤ ስለ ቧንቧውም ነገርኳት። ወደ መተላለፊያው ወጣችና በፒንሳ ጀርባ ቧንቧውን እየመታች ሄደች። ከእኔ ቤት በኩል ይጮኻል። መሐል ላይ ሲደርስ ድምፁ ደነዘዘ። ቀለሙን በጥፍሯ ፋቀችው።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ቧንቧው ተቀይሮ ፕላስቲክ ሆኗል። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ይሄ ደወል ጮሆ አያውቅም።»

ኧረ በየጠዋቱ ይሰሙታል አልኳት። አይሰሙትም አለችኝ በትሕትና። ተከራከርኳት፤ የተነሣሁበትን ሰዓት ሳይቀር ይነግሩኛል እኮ አልኩ። አዘነችልኝ መሰለኝ። ልንቀለው ወይ ስትለኝ አይነቀል አልኩ። እንዲጮህ ማድረግ ትችያለሽ አልኳት። ብዙም ሥራ የለውም አለችና፣ ከእኔ መስኮት እስከ እሳቸው ግድግዳ፣ ቧንቧው መልሶ ብረት እስከሚሆንበት ድረስ አንድ ሽቦ ዘረጋች። በመሣሪያዋ ለካችና አሁን ይጮኻል አለች።

በማግስቱ ጠዋት ደወሉ አልተደወለም።

ማብሪያ ስነካ የነካሁት መብራት ብቻ ይበራል። ኮሪደሩ ጨለማ ሲሆን ጨለማ ነው። ቤቱ ታዛዥ ሆኗል፤ ታዛዥ ቤት ደግሞ ዝም ይላል። መጋረጃውን ሳልከፍት ማድቤት ውስጥ ቆሜ ጠበቅሁ። ደወላቸውም ከሌላው ጋር የተነቀለ መስሏቸው ይሆናል። ወይም በቃኝ ብለው ይሆናል። ውሃ ጣድኩ፣ ፈላ፣ አጠፋሁት። ከዚያ በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቄ ተመለከትኩ።

ክቡር ኢንጂነር መስኮታቸው ላይ ቆመዋል። የሌሊት ልብሳቸውን አልቀየሩም። የኋላ መስታወት እንደሚያይ ሹፌር አንገታቸውን ሰግገው መጋረጃዬን ያያሉ። አይንቀሳቀሱም። ደወሌን አንድም ቀን ሰምተውት እንደማያውቁ ያኔ ገባኝ። በየጠዋቱ ይደውሉና እዚያ ይቆማሉ፤ መጋረጃዬ ሲከፈት ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። አልሠራም ብለው እንዳይነግሩኝ ክቡር ኢንጂነር ናቸው።

ተጫንኩት።

ክቡር ኢንጂነር ከመስኮቱ ጠፉ። ይዝለሉ ይውደቁ አላየሁም። ወዲያው በሬ ሊገነጠል ደረሰ። ስከፍት አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ ሌላው ባዶ ነው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ታዲያ ለምን ደወልክ?»

«ሁልጊዜ እደውል የለ?»

የበሩን መቃን ይዘው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ «አዎ» አሉ፤ «ዛሬ ግን ድምፁ ተለየብኝ።»

«አየሩ ይሆናል» አልኳቸው።

«አየሩ ነው» ብለው አጸደቁት።

ገብተው ተቀመጡ። ሻይ ቀዳሁላቸው። አዳዲሶቹን ማብሪያዎች አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ጎበዝ ልጅ ናት አሉ፣ ከልባቸው። እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄዶ ባዶ ተመለሰ። የሚጠገን ነገር የለም፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ሻዩን ጨረሱ፣ ብርጭቆውን አስቀመጡ፣ በል እንግዲህ ብለው ተነሡ።

«የመታጠቢያ ቤቱ በር ደህና አይዘጋም» አልኩ።

ሄደው ከፈቱት፣ ዘጉት። ግጥም ብሎ ተዘጋ። እንደገና ከፈቱ፣ ዘጉ። ዞረው አዩኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ።

«ማጠፊያው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አልቆለታል።»

«የእንጨት ሥራም ትችላለህ እንዴ?»

«እንጨት ምን አለው፣ አይነዝር» አሉና መዶሻ ሊያመጡ በአንድ እግር ጫማ ወጡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የመታጠቢያ ቤቴ በር አይዘጋም። ብቻዬን ስሆን ችግር የለውም። ክቡር ኢንጂነር ቤት ውስጥ ካሉ ግን ሰው መኖሩን እንዲያውቁት ገብቼ መዝፈን አለብኝ። ድምፄ መጥፎ ነው። በቀን ሁለት ሦስቴ እዘፍናለሁ።