በጨዋታ ሰዓት መናገርን ስለ መከልከል

ቀን፦ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሞጣ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የወ/ሮ ኸይራት ኳስ ማሳያ ቤት
ስብሰባው የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 7፡40 (ጥሪው ለ7፡00 ነበር)

የተገኙ የተመልካቾች ኮሚቴ አባላት፦
1. አቶ ፋንታ፣ የሒሳብ መምህር፣ የማንቸስተር ደጋፊ፣ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ ኸይራት እንድሪስ፣ የቤቱ ባለቤት፣ የማንም ደጋፊ ያልሆኑ
3. ሐጂ እንድሪስ፣ የወ/ሮ ኸይራት አባት፣ የቀድሞ የጨርቅ ነጋዴ፣ የክብር አባል
4. አቶ ይታገስ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ የአርሰናል ደጋፊ፣ አቤቱታ አቅራቢ
5. አቶ ይርሳው፣ ልብስ ሰፊ፣ የቢቸና ተወላጅ፣ አቤቱታ የቀረበባቸው
6. ወ/ሪት እፀገነት፣ የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ጸሐፊ (ድምፅ የላትም፣ ተጠይቃም አታውቅም)

ያልተገኙ፦ አቶ ምንይሉ፣ በሕመም። የሕመሙ መነሻ ያለፈው ቅዳሜ ውጤት መሆኑን ባለቤታቸው በስልክ አረጋግጠዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት ስድስት አባላት በመገኘታቸው ተሟልቷል። አቶ ይታገስ ግን አቶ ምንይሉ በሌሉበት አርሰናል በአንድ ሰው ብቻ መወከሉ ፍትሐዊ አለመሆኑን ገልጸው፣ ባዶው ወንበር እንደ አርሰናል ይቆጠርልኝ ብለዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ተቆጥሯል።

አጀንዳ 1፦ በአቶ ይርሳው ላይ የቀረበ አቤቱታ

አቶ ይታገስ እንዳስረዱት፣ አቶ ይርሳው ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው አፋቸው አያርፍም። ኳሱ በግራ ከሄደ በግራ ሄደ ይላሉ፤ ባለ ሰባት ቁጥሩ የጫማውን ክር ቢያስር አሰረ ይላሉ። ዓይን የሌለን ይመስል የምናየውን መልሰው ይነግሩናል። በዚህም ሳይበቃቸው እንግሊዝ አገር ያለውን አሰልጣኝ ማንን ማስወጣት እንዳለበት ሞጣ ላይ ሆነው ያዙታል። ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመት ስለቆዩ ደግሞ አንዱን ቅጣት ምት በሦስት መንገድ ይፈቱታል። ዝም አይነቅዝም ሲሉ ንግግራቸውን ደምድመዋል።

ሰብሳቢው ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታ አቶ ይርሳው 212 አስተያየቶች መስጠታቸውን፣ ከእነዚህም ዘጠኙ ትክክል እንደነበሩ፣ ከዘጠኙ አራቱ ነገሩ ከሆነ በኋላ የተነገሩ መሆናቸውን ከደብተራቸው አንብበዋል። ራሳቸው ጨዋታውን መቼ እንዳዩት ሲጠየቁ ደብተራቸውን ዘግተዋል።

ወ/ሮ ኸይራት አቤቱታውን ደግፈዋል። ምክንያታቸው አንድ ነው፤ አባታቸው ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከአቶ ይርሳው ጎን በመሆኑ፣ በዚህ ዕድሜያቸው ያ ሁሉ ወሬ ጆሯቸው ላይ ሲንጫጫ ያሳዝኑኛል ብለዋል። ሐጂ እንድሪስ ተጠይቀው፣ እናንተ የወሰናችሁት ይሁን፣ እኔ የምጨምረው የለኝም ብለዋል።

አቶ ይርሳው መልስ እንዲሰጡ ዕድል ተሰጥቷቸው፣ ሌላ ማንኛውም ቅጣት ቢሰጣቸው እንደሚመርጡ፣ ቤቱን ዓመቱን ሙሉ ለመጥረግም ፈቃደኛ መሆናቸውን ተናግረዋል። ለምን ቢባሉ ምክንያቱን መናገር እንደማይችሉ ገለጹ። 212 አስተያየት ያለው ሰው አንድ ምክንያት ማጣቱ ኮሚቴውን አስገርሟል።

ውሳኔ፦ በጨዋታ ሰዓት አስተያየት መስጠት በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በሐጂ እንድሪስ ድምፀ ተአቅቦ ተከልክሏል። አስተያየት ያለው ሰው ከጨዋታው ሁለት ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ለጸሐፊዋ ያስገባል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ቴሌቪዥኑ

አቶ ይታገስ ከአቶ ይርሳው ወሬ ጋር ስለሚምታታ ተዘግቶ የኖረው የቴሌቪዥን ድምፅ እንዲከፈት ጠየቁ። ሰብሳቢው እንግሊዝኛ የሚናገረው ሰውዬም አስተያየት ሰጪ መሆኑን፣ አባል እንኳ አለመሆኑን አስታውሰው፣ የአገር ልጅን ዝም አሰኝቶ ባዕድን ማስለፍለፍ አድልዎ ነው አሉ። ወ/ሮ ኸይራት ጎል ሲገባ መጮህም ያው አስተያየት እንደሆነ አከሉ። ማንም መቃወሚያ ሊያገኝ አልቻለም።

ውሳኔ፦ ድምፁ እንደተዘጋ ይቆያል። ጩኸት፣ ጭብጨባና ከንፈር መምጠጥም ተከልክለዋል።

አጀንዳ 3፦ የውሳኔዎቹ ሙከራ

የዕለቱ የመጀመሪያ ጨዋታ 8፡30 ላይ ሲጀምር ውሳኔው ለሩብ ሰዓት እንዲሞከር ተስማማን። ቤቱ ጸጥ አለ። በ11ኛው ደቂቃ ጎል ገባ። አቶ ይታገስ ከወንበራቸው ተነስተው ተመልሰው ተቀመጡ። ሰብሳቢው የአንገት ልብሳቸውን ነክሰው ያዙ። ውሳኔው በሚያስመሰግን ሁኔታ ተከብሯል።

በዚህ ጊዜ ሐጂ እንድሪስ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «መብራት ሄደ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ።

መብራት አልሄደም ነበር። የሐጂ እንድሪስ ፊት ወደ ቴሌቪዥኑ የዞረ ነው። መናገር በመከልከሉ ለጥቂት ጊዜ የመለሰላቸው ሰው አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ግን ዝም ያልነው በውሳኔው ምክንያት አይደለም።

አቶ ይርሳው ውሳኔውን በመጣስ፣ «አልሄደም ሐጂ። ጎል ገብቷል። ከቀኝ ተሻምቶ ባለ ዘጠኙ በጭንቅላት አገባው። ልጆቹ ማዕዘኑ ጋ ተቃቅፈዋል» አሉ።

ወ/ሮ ኸይራት፣ «አባዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ካለፈው ረመዳን ወዲህ» አሉ ሐጂ እንድሪስ። «ብነግርሽ ከቤት አታስወጪኝም። እኔ ደግሞ ቅዳሜን እፈልጋለሁ።»

በተደረገው ማጣራት፣ አቶ ይርሳው ለማንም እንዳይናገሩ ሐጂ አስምለዋቸው እንደነበር ታውቋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ክንዳቸውን ይዘው ከቤታቸው የሚያመጧቸውም ለዚሁ ነው። ወ/ሮ ኸይራት ለሽማግሌ የተደረገ አክብሮት መስሏቸው ነበር።

ወ/ሮ ኸይራት አለቀሱ። ይህ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ጸሐፊዋ ጠይቃ ተፈቅዶላታል።

አቶ ይታገስ በአጀንዳ 1 «ዓይን የሌለን ይመስል» ያሉት እንዲሰረዝላቸው ሁለት ጊዜ ለመኑ። በቃለ ጉባኤ ስርዝ ድልዝ ስለማይፈቀድ ጸሐፊዋ ትታዋለች፤ ማፈራቸውን ግን በዚህ መዝግባለች።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በወ/ሮ ኸይራት አቅራቢነት፣ ከአጀንዳ 1 ጀምሮ የተወሰነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል፤ ጸሐፊዋም ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አውጥታለች። አቶ ይርሳው ከዛሬ ጀምሮ የመናገር ግዴታ አለባቸው። ወ/ሮ ኸይራት አባታቸውን ባሕር ዳር ዓይን ሐኪም ዘንድ ይወስዷቸዋል፤ ጉዞው ጨዋታ በሌለበት ቀን እንዲሆን ሐጂ እንድሪስ አጥብቀው ጠይቀዋል። እስከ መናኸሪያው አቶ ይታገስ በባጃጃቸው ያደርሷቸዋል።

ሐጂ እንድሪስ በበኩላቸው፣ አቶ ይርሳው የሚያዩትን የሚነግሩት ደህና አድርገው መሆኑን፣ ስለ አሰልጣኞች የሚሰጡት ትንተና ግን ፍሬ ቢስ እንደሆነና እስካሁን በትዕግሥት እንደቻሉት እንዲመዘገብላቸው ጠይቀው ተመዝግቧል።

ስብሰባው ከቀኑ 8፡50 ላይ ተበትኗል። ከኮሚቴው እኩል ሲያጣራ የቆየው የቪዲዮ ዳኛው ቪኤአርም በዚያው ሰዓት ጎሉን ሽሮታል። ይህንን ለሐጂ እንድሪስ አምስታችንም በአንድ ጊዜ ነገርናቸው። በተራ እንድንናገር አሳስበዋል፤ የሰማቸው የለም።