የጋሽ ደምሴ ዘይትና የእህቴ ሰርግ

ሰው ዕቃ የሚገዛው እንዲያገለግለው ነው ይባላል። ይህን የሚሉት ዕቃ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ዕቃ ያለውማ እውነቱን ያውቃል፤ ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ የተደረደረው ብርጭቆ አቧራው እየተወለወለ ከንፈር ሳይነካው ያረጃል፣ ሶፋው ዳንቴል ይለብሳል፣ ሬዲዮኑ ጥልፍ ይደረብበታል፣ ባለቤቱ ግን ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ለብሶ ዱካ ላይ ተቀምጦ ዜና ይሰማል። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ አለ። የለም አትበሉኝ፤ መጥቼ አይቻለሁ፣ ውሃ የሰጣችሁኝ በፕላስቲክ ኩባያ ነው።

በዚህ ነገር ግን የጋሽ ደምሴን ያህል የተካነ ሰው አላየሁም። ጋሽ ደምሴ በደርግ ዘመን መካኒሳ አቦ ከእኛ ቤት ጋር አጥር ለአጥር የሚኖሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ጡረተኛ ነበሩ። ሁለት ቤት ነበራቸው፤ አንዱ ትርፍ ነው ተብሎ ተወረሰ። ከሚኖሩበት ቤት ሌላ የቀረቻቸው አንዲት ቀይ የጣሊያን የእሽቅድምድም መኪና ናት፤ ከአገር የሚወጣ ፈረንጅ ነው የሸጠላቸው። መብረር ትችላለች። ግን ቤንዚኑ በኮታ ነው፣ እሁድ ያለ ፈቃድ መንዳት ክልክል ነው፣ ወዴት ትብረር? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ስለዚህ ያቺ ለእሽቅድምድም የተፈጠረች መኪና የምትሄደው ከቤት እስከ ኅብረት ሱቅ ነበር። ስኳር ልታመጣ።

ፈረንጁ ሲሸጥላቸው መኪናዋን ብቻ ሳይሆን ሃይማኖቱንም አስረክቧቸዋል። ከመሪው ኋላ የሞተሩን ዘይት ሙቀት የምታሳይ መርፌ አለች። ዘይቱ ሰማንያ ሳይደርስ ቤንዚን መርገጥ ሞተሩን ማረድ ነው፤ መቶ ሃያ ካለፈ ደግሞ ዘይቱ እንደ ውሃ ይቀጥንና ሞተሩ እርስ በርሱ ይፋጫል፤ የጋለ ሞተርም ድንገት አይጠፋም፣ መኪናው ቆሞ ጥቂት እየሠራ ይብረድ። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፣ ለሚሮጥ ሰው። ጋሽ ደምሴ ግን ሥርዓቱን በሙሉ የሚፈጽሙት ስኳር ለማምጣት ነው። ጠዋት ሞተሩን ያስነሱና ዓይናቸውን መርፌዋ ላይ ተክለው ይቀመጣሉ። እናቴ ዘንቢሏን ይዛ በእግሯ ሄዳ፣ ተሰልፋ፣ ስኳሯን ገዝታ ስትመለስ እሳቸው ገና ደጃቸው ላይ ናቸው። "እንዴት አደሩ አቶ ደምሴ?" ስትላቸው "አምሳ ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይሏታል።

እንግዲህ ታናሽ እህቴ ሙሉ ልታገባ ሆነ። ሙሽራው ግርማ የሚባል የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ቤታቸው እዚያው መካኒሳ፣ ሰው ሳያልበው በእግሩ የሚደርስበት። እሷን ጤፉ የኮታ መሆኑ፣ ቬሎው የኪራይ መሆኑ ግድ አልሰጣትም። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አማቶቿ ደጅ ከባሏ ጎን ሆና በክብር መድረስ። ምክንያት ነበራት። የግርማ እናት "ልጄ እኮ ከዚህ የተሻለች ያገኝ ነበር" ማለታቸውን ሰምታለች፤ ደግ ጎረቤት ይብዛና ያልነገራት ሰው አልነበረም። እኔም ወንድምነቴ ተሰማኝና ጋሽ ደምሴን መኪናቸውን ለመንኩ። ሲያስቡ ሰንብተው እሺ አሉ። ቁልፉን ግን ለማንም አይሰጡም፤ የሚነዱት ራሳቸው ናቸው። የእሁድ ፈቃድ ከቀበሌ ወጣ፣ ዘመድ ሁሉ ከኮታው ቤንዚን አዋጣ።

አክስቶቼ የመኪናዋን አፍንጫ በአበባና በሪባን ጥርቅም አድርገው ሸፈኑት። ሁሉ ተሰናድቶ፣ ሙሽሮቹ የወላጆቼን ጉልበት ስመው ወጥተው፣ የመኪናዋ በር ሲከፈት ነው ነገሩ የታየን። ያሏት ሁለት ወንበሮች ናቸው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሏል ይኼ ነው። ስንት ዓመት አጥር ለአጥር ስትኖሩ አላያችሁም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይተናል፤ ግን ከስኳር በቀር ሌላ ተሳፋሪ ጭና ስለማታውቅ ማንም ወንበር አልቆጠረም። "ሙሽራው ይንዳት እንግዲህ" አለ አባቴ። "ዘይቱንስ ማን ያያል?" አሉ ጋሽ ደምሴ። በዚያ ዘመን ያለ ስብሰባ የሚወሰን ነገር አልነበረምና ደጃፉ ላይ ተሰበሰብን፤ ሙሽሪት ከጋሽ ደምሴ ጎን፣ ሙሽራው ደግሞ ከሚዜዎቹና ከእኔ ጋር ከኋላ በቮልስ እንዲሄዱ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ግርማ ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ ገባ። ሙሉ በመስኮት ዞር ብላ አየችን፤ ደስ ያላት አልመሰለኝም።

የሰርግ መኪና እንደምታውቁት አይነዳም፤ ይዘፈንለታል። ከበሮው ከፊት፣ ጨፋሪው ከግራ ከቀኝ፣ መኪናው ከመሃል እየተንፏቀቀ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ። ሙሉ በኋላ እንደነገረችኝ መርፌዋ ሰማንያ ስትደርስ ጋሽ ደምሴ ፈገግ ብለው ነበር። መቶ ስትደርስ ፈገግታው ቀረ። ከመቶ ሃያ ስታልፍ ላብ አጠመቃቸውና "ነፋስ ያስፈልጋታል" አሉ። የግርማ ቤት መታጠፊያ ደረስን፤ የወንዱ ወገን እልልታውን ጀመረ፣ ጨፋሪው ለመኪናው ገለል አለ። መንገዱ ተከፈተላቸው ማለት ነው። ቀይዋ መኪና አልታጠፈችም። አጓራችና ቀጥ ብላ ወደ ላፍቶ በረረች።

"ተጠለፈች" አለ አንደኛው ሚዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን ራሱም እንዳላመነው።

አራት ወንድ የጫነ ቮልስ ምን ያህል እንደሚሮጥ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ። ስናልፍ የግርማ እናት በራቸው ላይ ቆመው "አላልኳችሁም?" ሲሉ ሰማሁ። እህቴ ገና ደጃቸውን ሳትረግጥ ስሟ ጠፋ ማለት ነው።

ላፍቶ ያኔ እርሻ ነበር። ኬላው ላይ የቀበሌ ጥበቃዎች አስቁመዋቸው አገኘናቸው። ሽበታም ሾፌር፣ ቬሎ የለበሰች ልጅ፣ ሙሽራ የለም። "ሙሽራው የታለ?" ሲሏቸው ጋሽ ደምሴ "ከኋላ በቮልስ ይመጣል" ብለዋል፤ ማን ይመናቸው? ስለ ዘይቱ አስረድተው መርፌዋን ተመልከቱ አሉ። መርፌዋ በነፋሱ በርዳ ከመቶ በታች በሰላም ተቀምጣለች። ሞተር አጥፋ ተብለው በጠመንጃ ቢታዘዙ ደግሞ "አይቻልም ጓድ፣ ድንገት አይጠፋም" ብለው እርፍ። ጥበቃው ወደ እህቴ ዞሮ "በፈቃድሽ ነው የመጣሽው?" ሲላት ደረስን።

"ጓድ" አለች ሙሉ፣ "እኚህ ሰው ከመካኒሳ እስከዚህ ድረስ ዓይናቸውን ከዚያች መርፌ አልነቀሉም። ጠላፊ እንዲህ ከሆነ የአገሬ ኮረዳ ሁሉ በሰላም ውሃ ትቅዳ።"

ጥበቃዎቹ ሳቁ። ነገሩ እዚያ ቢያልቅ ምን ነበረበት? ግርማ ከቮልሱ ወርዶ ወደ እሷ መጣ። ሙሉ እጇን ዘረጋች። አልፏት ሄደ።

"ስንት ደርሶ ነበር?" አላቸው ጋሽ ደምሴን።

"መቶ ሃያ አምስት።"

"አበባው እኮ ነው፤ የነፋስ መግቢያውን ደፍኖታል" አለና የአክስቶቼን ልፋት ቦጫጭቆ ባቄላው ማሳ ውስጥ ወረወረው። ኮፈኑ ተከፈተ፤ ሁለት ጭንቅላቶች ገቡበት። ስለ ነፋስ፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ግፊት። ሙሉ ቬሎዋን ሰብስባ አቧራው ላይ ቆማለች። በመጨረሻ ግርማ ቀና ብሎ "ስንመለስ እኔ መርፌዋን እያየሁ ጋሽ ደምሴ መንገዱን ቢያዩ ይሻላል። አንቺ በቮልስ ነይ፣ ምንም አይደል፣ አሁን እንደርሳለን" አላት። በጥፊ ልለው ቃጣኝ። ሙሉ ግን ቮልሱ ውስጥ ገባች፤ ቬሎዋ ሁላችንንም አለበሰን።

እነሱ ቀደሙን። ሴቶቹ ቀይ መኪና ሲያዩ እልልታውን አቀለጡት፣ የግርማ እናት ሙሽሪትን ሊስሙ እጃቸውን ዘርግተው ወጡ። በሩ ሲከፈት ጋሽ ደምሴ ወረዱ። እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ ጋሽ ደምሴን ለምሳ እየጎተቱ ሲያስገቧቸው እሳቸው ሞተሩን ለግርማ አደራ ሰጡት፤ እኛ ስንደርስ ሙሽራው ሞተሩ በሚንተከተክ መኪና ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ መርፌ ይጠብቃል። ለእኛ ማንም እልል አላለም። ዘግይተው የመጡ ዕድምተኞች መስለናቸዋል።

ሙሉ በሯን ራሷ ከፍታ ወረደች። ቀጥ ብላ ወደ ቀይዋ መኪና ሄደች።

"ትንሽ ቆይ ሙሉዬ፣ ሊበርድ ነው" አላት ግርማ።

እጇን በመስኮቱ አስገብታ ቁልፉን አዞረችው። ሞተሩ ጸጥ አለ፤ ሰፈሩም አብሮ ጸጥ አለ። "ውረድ" አለችው። ወረደ። ክንዱን ያዘችና ከጎኑ ሆና፣ ቀስ ብላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ደጁ መራችው። የግርማ እናት አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ እሷን አይተው እልልታውን እንደ አዲስ የጀመሩት ራሳቸው ናቸው። እሳቸውም እኮ ባል አግብተው ያውቃሉ።

ጋሽ ደምሴ ጉርሻቸውን ሳይውጡ ሮጠው ወጡ፤ አዲስ መቃብር ላይ እንደቆመ ሰው መኪናቸው አጠገብ ቆሙ። የጋለ ሞተር ድንገት ከጠፋ ምን እንደሚሆን ስንት ዓመት ሲነግሩን ኖረዋል። በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ በአጥር እያጮለቀ እሳቸው ቁልፉን አዞሩ። በአንዴ ተነሣች። ምንም አልሆነችም፤ ጋሽ ደምሴም እስኪሞቱ ድረስ ይህን ይቅር አላሏትም።